ደሴ ላይ ለአራት የተከፈለው አሮጌ ፎቅ፦ የቱን ይከራዩ፣ የቱን ይለፉ

ከአራቱ ቤቶች ግራውና ቀኙ ኪራያቸው አይቆጭም። መሐል ላይ ምድር ቤት ያለው አንድ ምሰሶ ከተመለሰለትና ዋጋው ከተቀነሰ ያኖራል። ፎቁ ላይ መሐል ያለውን ግን አሁን ባለበት ሁኔታ ለማንም አንመክርም። አከራዩ ለአራቱም እኩል ኪራይ ነው የሚጠይቀው፤ ሲያስጎበኝም «ሁሉም አንድ ናቸው፣ ደስ ያለዎትን ይምረጡ» ይላል። ቀለማቸው አንድ ነው፣ የበር እጀታቸው አንድ ነው፣ ሴራሚካቸውም ከአንድ ካርቶን የወጣ ነው። ልዩነቱ ያለው አሮጌው ቤት በተቆረጠበት መስመር ላይ ነው፦ ሁለቱ ቤቶች ከጣራ እስከ መሬት ተቆርጠው የየራሳቸውን ድርሻ ይዘዋል፣ ሁለቱ ደግሞ እንደ እንጀራ ተነባብረዋል።

ግቢው ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ አቅጣጫ ሽቅብ በሚወጣ መንገድ ላይ ነው። የቤቱን ዓይነት ደሴን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ምድሩ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ ነው፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ ፊቱን ከዳር እስከ ዳር የእንጨት በረንዳ የያዘ፣ በአራቱም በኩል የሚያዘቀዝቅ ቆርቆሮ የደፋ። ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር ነው። የምድሩ ግንብ 60 ሳንቲ ውፍረት ሲኖረው የፎቁ ግድግዳ 20 ሳንቲ ብቻ ነው። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከ60 ይሆናል። ከውጭ የማይታየው፣ ግን ሁሉን የሚወስነው፣ ቤቱን በወርዱ የሚያቋርጡት ሁለት የድንጋይ ግንቦች ናቸው። ከመሠረት ተነሥተው እስከ ፎቁ ኮርኒስ ይደርሳሉ፤ ቤቱንም በሦስት ይከፍሉታል፦ ግራው 5 ሜትር ተኩል፣ መሐሉ 7፣ ቀኙ 5 ሜትር ተኩል። የመጀመሪያው ግንበኛ የት መቆረጥ እንዳለበት በድንጋይ ጽፎ ሄዷል ማለት ነው። ያደሰው ቡድን በዳርና በዳር ይህን አንብቧል፣ መሐሉ ላይ አላነበበም።

ትልቅ ቤት ለብዙ ቤተሰብ መክፈል ለእኛ አገር ከተሞች አዲስ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። አንድ ቤተሰብ ይኖርባቸው የነበሩ ብዙ ቤቶችም ክፍል በክፍል ተሸነሸኑ። ያ አከፋፈል ሰው አስጠልሏል፤ እንደ ሕንፃ ሥራ ግን መጋረጃና ችፑድ ነበር፣ ሽንት ቤቱም ማጀቱም ግቢ ውስጥ የጋራ። አሁን ለየቤቱ ሽንት ቤት፣ ለየቤቱ ምጣድ ሲጠየቅ ነገሩ ሌላ ነው፤ ውሃና መብራት አሮጌ እንጨት ውስጥ ይገባሉ።

እንግሊዞች ይህን ሥራ ቀደም ብለው ጀምረውታል። ለንደን ፒካዲሊ ላይ ያለው ኦልባኒ በዊልያም ቼምበርስ ንድፍ ከ1771 እስከ 1776 እ.ኤ.አ. ለአንድ የመኳንንት ቤተሰብ የተሠራ ቤት ነበር። በ1802 ለነጠላ ነዋሪዎች እንዲሆን ሲከፈል አርክቴክቱ ሄንሪ ሆላንድ ከኋላ ባለው አትክልት ቦታ ላይ ሁለት ረጃጅም ረድፍ ቤቶችን ጨመረ፣ በመካከላቸውም ጣራ ያለው መተላለፊያ ዘረጋ። ተጨማሪ ሰው ሲመጣ ቦታው ከጓሮ ተገኘ ማለት ነው። ኋላ ላይ የገጠር ታላላቅ ቤቶቻቸው ሲከፈሉም የተመሰከረለት ዘዴ ከላይ እስከ ታች መቁረጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ መሬት፣ የራሱ ጣራ፣ የራሱ በር። ፎቅ በፎቅ የተከፈሉት የከተማ ቤቶቻቸው ሁልጊዜ የሚያነሡት ቅሬታ ደግሞ አንድ ነው፤ የላይኛው ሰው እግር። ደሴ ላይም የሆነው ይኸው ነው።

ከግራው ቤት እንጀምር፤ ከአራቱ ምርጡ እሱ ነው። የራሱ በር በረንዳው ሥር አለው፣ ሳሎንና ማጀቱ ምድር፣ ሁለት መኝታ ፎቅ። ከመሐሉ ቤት የሚለየው 60 ሳንቲ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ጎረቤት ሬዲዮ ቢያጮህ ጆሮዎን ግንቡ ላይ ቢለጥፉም አይሰሙም። ግን ግንቡ የሚያልቀው ኮርኒሱ ላይ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው፣ ከጣራው ሥር የሚቀረው ክፍት ቦታ፣ ለሦስቱም ክፍል አንድ ነበር። በከተማችን ተከፍለው በሚከራዩ ቤቶች ሁሉ በብዛት የሚታለፈው ጉድለት ይህ ነው፤ ግድግዳው ኮርኒስ ላይ ያቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁም፣ የቁሌቱ ሽታም፣ አይጡም፣ እሳት ቢነሣ ጭሱም በጣራው ሥር ይሻገራል። በግራው ቤት በኩል አናጢዎቹ ይህን ዘግተውታል። ከግንቡ አናት ላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ በሞራሌ ርብራብ አቁመው፣ በቀጭኑ ማገር መትተው፣ በሁለቱም ፊት ጭድ ባለው ጭቃ ለስነውታል። ብሎኬት አለመጠቀማቸው ትክክል ነው፤ ጭቃው ቀላል ነው፣ ከጣራው እንጨት ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ በቀላሉም አይቃጠልም።

በቀኙ ቤት በኩል ግን ይኸው ሥራ ተዘሏል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ማታ ወደ ኮርኒሱ መውጫ ይውጡ፣ መብራትዎን ያጥፉ፣ ሌላ ሰው በመሐሉ ቤት በኩል ባትሪ ያብራ። ብርሃኑ ከታየዎት ክፍት ነው። በዚህ ቤት ብርሃኑ እንደ ጠዋት ፀሐይ ነው የሚገባው። ሥራው ለሁለት አናጢና ለአንድ ለሳኝ ከሁለት ቀን አይበልጥም፣ ጭቃው እስኪደርቅ ጊዜ ካልቆጠርን። ኪራይ ከመክፈልዎ በፊት ያስጨርሱ፤ ከገቡ በኋላ ማንም አይመጣልዎትም።

ደረጃዎቹም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ደረጃ አንድ ብቻ ስለነበረና እሱም በመሐሉ ክፍል ስለቀረ፣ ለግራውና ለቀኙ አዲስ የእንጨት ደረጃ ከውስጥ ተሠርቷል። 3 ሜትር ከ60ውን ለመውጣት በግራው ቤት 20 እርከን አለ፤ እያንዳንዱ 18 ሳንቲ ከፍታ፣ 25 ሳንቲ መርገጫ፣ መሐል ላይ ማረፊያ። አሮጊትም ልጅ ያዘለችም በደህና ትወጣዋለች። በቀኙ ቤት ቦታ ለመቆጠብ 16 እርከን አድርገውታል፤ ከፍታው 22 ሳንቲ ተኩል ነው፣ ማረፊያ የለውም። መውጣቱ ጉልበት ይጠይቃል፤ አደጋው ግን ሲወርዱ ነው። ትንንሽ ልጆች ወይም ሽማግሌ ያለበት ቤተሰብ ይህን አስቦ ይምረጥ። ደረጃው እንዲያልፍ የተቆረጡት ሦስት የወለል አግዳሚዎች ጫፋቸው ተንጠልጥሎ አልቀረም፤ በሁለቱም ቤት በተደረበ ወፍራም ሳንቃ ላይ በብረት ማያያዣ ተይዘዋል። ከሥር ኮርኒስ ስላልተሸፈነ በዓይን ይታያል፤ ጥሩ ሥራ ነው።

ስለ አናጢዎቹ ካነሣን በረንዳውን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። አሥሩ የጥድ ቋሚዎች ከላይ ድንጋይ የመሰሉ ናቸው፤ ስድስቱ ግን እግራቸው መሬቱ ላይ ስለነበር በስብሷል። ሌላ ቡድን ቢሆን ቋሚውን ሙሉ ነቅሎ በብረት ቱቦ ይተካው ነበር። እነዚህ የበሰበሰውን ያህል ብቻ ቆርጠው አዲስ እግር ቀጥለዋል። ቅጥያው 45 ሳንቲ ርዝመት ያለው ነው፤ አሮጌው እንጨት ግማሽ ውፍረቱ ተጠርቦ፣ አዲሱም እንዲሁ ተጠርቦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሞ በሁለት ባለ 12 ሚሊ ብሎን ተጠብቋል። መጋጠሚያው ላይ የእጅ ጥፍር አይገባም። እግሩ ያረፈው ከመሬት 10 ሳንቲ ከፍ ባለ ጥርብ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጎርፍ ቢነካውም ውሃው አይተኛበትም። መከላከያ ብለው የተቃጠለ ዘይት ቀብተውታል፤ ምስጥ ያርቃል፣ ልብስ ግን ያበላሻልና ልጆች እንዳይደገፉት።

አሁን ወደ መሐሉ። ምድር ቤት ያለው ሳሎን ሲገቡ ሰፊ ነው፣ ደስ ይላል፤ የተደሰቱበት ስፋት ግን የመጣው ምሰሶ ተነቅሎ ነው። የፎቁን ወለል የሚሸከመው ዋና ግንድ በቤቱ ወርድ ልክ 9 ሜትር ተጋድሞ፣ ከሥሩ በየ2 ሜትር ከ25 ሦስት ምሰሶ ነበረው። መሐለኛው ተነሥቷል፤ ግንዱ አሁን በአንድ በኩል 4 ሜትር ተኩል ያለ ድጋፍ ይዘረጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ የድጋፉ ርቀት እጥፍ ሲሆን መጉበጡ እጥፍ አይሆንም፤ ሸክሙ በዚያው መጠን የተዘረጋ ከሆነ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ከግንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሮ ቢለካ መሐሉ 4 ሳንቲ ወርዷል። ለእንዲህ ያለ ወለል የሚታገሡት ከርዝመቱ አንድ 300ኛ ገደማ ነው፤ ለ4 ሜትር ተኩል አንድ ሳንቲ ተኩል መሆኑ ነው።

ምሰሶው መነሣቱ ሳያንስ ከላይ ሸክም ተጨምሮበታል። የፎቁ ቤት ሳሎን፣ ማጀትና መታጠቢያ፣ በድምሩ 30 ካሬ፣ በጣውላው ላይ 5 ሳንቲ ሲሚንቶ ተደፍቶ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። 5 ሳንቲ ሲሚንቶ በካሬ 115 ኪሎ ይመዝናል። ሲባዛ 34 ኩንታል ተኩል ነው፤ ቤቱ ሲሠራ ማንም ያላሰበው ጭነት። የቤት ዕቃውና ሰዉ ገና አልተቆጠረም። ይህን ያደረገው ቡድን ሐሳቡ ይገባናል፤ ማጀትና መታጠቢያ በእንጨት ወለል ላይ ውሃ እንዳያሳልፍ ፈልጓል። ለዚያ ግን ባለ 18 ሚሊ ውሃ የሚችል ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ የሬንጅ ወረቀት፣ በላዩ የፕላስቲክ ንጣፍ ይበቃ ነበር፤ ክብደቱ የዚህን ሩብ እንኳ አይሞላም።

መፍትሔው ምሰሶውን መመለስ ነው። 60 በ60፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ የሆነ የኮንክሪት መሠረት ይቆፈርለታል፤ ኮንክሪቱ ጥንካሬውን እስኪይዝ ሦስት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ከዚያ ግንዱ በሁለት ክሪክ ከግራና ከቀኝ ይነሣል። አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ አራቱን ሳንቲ በአንድ ከሰዓት ማንሣት ይፈልጋል። ዓመታት የጎበጠ እንጨት ሲቸኩሉበት ከላይ ያለውን ልስን ይሰነጥቃል፣ በሮቹን ያጠምማል። በቀን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው የሚነሣው፤ ሥራው ከስምንት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አከራዩ «ሳሎኑ ይጠብባል» ካለዎት፣ እውነት ነው፣ ይጠብባል።

የድምፁ ጉዳይ በምሰሶ አይፈታም። ምድር ቤት የሚኖር ሰው የላይኛውን ሰው ወንበር ሲጎተት፣ ሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ልጅ ሲሮጥ ይሰማል። ድምፅ በሁለት መንገድ ይመጣል፦ በአየር የሚመጣው ወሬና ሙዚቃ ነው፣ በእንጨት የሚመጣው እርግጫና ምት ነው። ለመጀመሪያው ክብደት ያስፈልጋል። የድሮ እንግሊዝ ቤቶች በወለል አግዳሚዎች መካከል አመድ ወይም አሸዋ የሚሞሉት ለዚህ ነበር። 3 ሳንቲ ደረቅ አሸዋ በካሬ ወደ 50 ኪሎ ይሆናል፤ 20 ካሬ ለሆነ አንድ ክፍል 10 ኩንታል ማለት ነው። ስለዚህ ግንዱ ሳይጠገን አሸዋ መሙላት በደዌ ላይ ደዌ መጨመር ነው። ለሁለተኛው፣ ለእርግጫው፣ ክብደት ብዙ አይረዳም፤ ልስላሴ ነው የሚያስፈልገው። ከላይ ወፍራም ምንጣፍ ከሥሩ ለስላሳ ስፖንጅ ቢነጠፍ ከምንም በላይ ለውጥ ያመጣል። ሴራሚክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የፎቁ ቤት ሴራሚክ ላይ ማንኪያ ሲወድቅ ምድር ቤት ያለው ሰው ማንኪያ መሆኑን ይለያል።

የፎቁ መሐል ቤት የቀድሞው አዳራሽ ነው። 7 በ9፣ ኮርኒሱ 4 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በጣውላ የተለበጠ፣ ፊቱን ሦስት ረጃጅም መስኮት የያዘ። በችፑድ ለአራት ተቆርጧል፤ አንዱ ችፑድ መካከለኛውን መስኮት ለሁለት ሰንጥቆታል፣ ግማሹ ለሳሎን ግማሹ ለመኝታ። የመስኮቱ ክፈፍ ላይ በትክክል ስለማይገጥም በክፍተቱ ፎጣ ተወትፏል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱን ይህ ቤት አይሞቅም። ተከራይ ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባቱ አይቀርም፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ ከከሰል የሚወጣው፣ ጭስ የሌለው መርዝ ሰው ይገድላል። አዳራሹን ሳይቆርጡ ዝቅተኛ ቁም ሳጥንና መደርደሪያ ብቻ አቁመው አንድ ሰፊ ክፍልና ከኋላ አንዲት መኝታ ቢያደርጉት ለጥንድ ወይም ለላጤ ድንቅ ቤት ይሆን ነበር። ለቤተሰብ ካልሆነ አይከራይም ብለው ይመስላል።

የዚህ ቤት ትልቁ በሽታ ግን ሽንት ቤቱ ነው። መቀመጫው በወለሉ መሐል፣ ከኋላው ግድግዳ 3 ሜትር ተኩል ርቆ ነው ያለው። የሽንት ቤት ቱቦ ባለ 110 ሚሊ ነው፤ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ማዘቅዘቅ አለበት። ለ3 ሜትር ተኩል 7 ሳንቲ ይሆናል፤ የቱቦው ውፍረት 11 ሲጨመር 18 ሳንቲ ይፈልጋል። የወለሉ አግዳሚዎች ጥልቀት 15 ሳንቲ ነው። አይገባም፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ቧንቧ ሠራተኞቹ ያደረጉት ሁለት ስሕተት ነው፦ ቱቦውን ጠፍጣፋ አስተኝተውታል፣ ለማሳለፍም አምስት አግዳሚዎችን ከላይ በኩል ግማሽ ድረስ በመጋዝ ቀርድደዋል። ጠፍጣፋ ቱቦ ውሃውን ያሳልፍና ጠጣሩን ያስቀራል፤ ይደፈናል። ግማሹ የተቀረደደ አግዳሚ ደግሞ አቅሙ በግማሽ አይቀንስም፣ ወደ ሩብ ይወርዳል። ምድር ቤት ኮርኒስ ላይ የሳህን ያህል ቡናማ ክብ አለ፤ አከራዩ «አሮጌ ጠባሳ ነው» ይላል። ወስፌ ይዞ ክቡ ያለበትን እንጨት መውጋት ነው። ጤነኛ ጥድ ወስፌውን ከ2 ሚሊ በላይ አያስገባም። እዚህ እስከ እጀታው ገባ።

ሽንት ቤት ወደ ኋላው ግድግዳ፣ ከምድር ቤቱ ሽንት ቤት ትክክል በላይ መዛወር አለበት። ያኔ ቱቦው ከግድግዳው በቀጥታ ወጥቶ በውጭ ይወርዳል፤ አናቱም ከጣራ በላይ ተከፍቶ አየር ይስባል። በግራውና በቀኙ ቤት በትክክል እንዲህ ተሠርቷል፤ ያው ቡድን፣ ያው ቱቦ። ከላይ እስከ ታች የተቆረጠ ቤት ቧንቧ ሠራተኛውንም ያርመዋል መሰለን።

መብራቱ ላይ ብዙ አንቆይም። ግራውና ቀኙ የየራሳቸው ቆጣሪ አላቸው፤ መሐሎቹ አንድ ቆጣሪ ይጋራሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ቤት ምጣድ ከጣደ 32 አምፔር በአንድ መስመር ይሄዳል። ከቆጣሪው ወደ ፎቁ የሚወጣው ገመድ 2.5 ስኩየር (ካሬ ሚሊ ሜትር) ነው፣ ያውም በደረቅ ጣውላ ውስጥ። ለምጣድ ብቻ የተለየ 4 ስኩየር መስመርና የራሱ ብሬከር ካልተሠራ እዚያ ቤት እንጀራ አይጋገር። ብሬከሩ ሲወድቅ በትልቅ ለመቀየር የሚጎበዝ ይኖራል፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፣ ገመዱን ነው።

የግንቡ ነገር ለአራቱም ይመለከታል። ፊቱ በጭቃና በኖራ የተለሰነ ነበር፤ አሁን ምድሩን ዙሪያውን እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በሲሚንቶ ለስነውታል፣ «ጎርፍ እንዳይበላው»። በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ከመሬት ትንሽ ትንሽ እርጥበት ይስባል፣ በፊቱ በኩል ደግሞ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ፊቱን ሲዘጋበት እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል ወይም ወደ ውስጥ ይዞራል። በጓሮ በኩል በጡጫ መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ቆርቆሮ እንደሚመታ ይጮኻል፤ ልስኑ ከድንጋዩ ለቋል። ከሲሚንቶው ጠርዝ በላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ወጥቷል። እስካሁን ጉዳቱ ብዙ አይደለም። በመሮ ተልጦ፣ ግንቡ አንድ በጋ ደርቆ፣ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ቢለሰን ይድናል። ከበጋ ውጭ አይሞከርም፤ ኖራ ቶሎ አይደርቅም፣ የደሴ ሐምሌ ደግሞ ጊዜ አይሰጠውም።

የቀኙን ቤት አዲስ በር ሲከፍቱ ከግንቡ ማዕዘን 35 ሳንቲ ላይ ከፍተውታል። የጭቃ ግንብ ጥንካሬው ማዕዘኑ ላይ ነው፤ ለበር ቢያንስ 60 ሳንቲ፣ ቢቻል አንድ ሜትር መራቅ አለበት። ይህ አገር መሬቱ የሚያርፍ አይደለም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ካራ ቆሬና ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. በርዕደ መሬት ምን እንደሆኑ የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። በሩን ማዛወር ካልተቻለ ማዕዘኑን ከውስጥ በሁለት ከፍታ ላይ በሚዞር የእንጨት መቀነት ማሰር የግድ ነው። ቤቱ ደህና ነው ያልነው ይህ ከተጨመረበት ነው።

ጓሮው ሽቅብ ነው፤ የጦሳ ውሃ ወደ ቤቱ ይመጣል ማለት ነው። በቤቱና በዳገቱ መካከል 40 ሳንቲ ስፋት ያለው የድንጋይ ቦይ አለ፣ ወደ ቀኝ ይዘቀዝቃል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ግን የመሐሉ ቤት ጓሮ ላይ ሲደርስ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓዱን ለመሸፈን ሲሚንቶ ደፍተውበታል፣ ቦዩ ታንቋል። ጉድጓዱም ራሱ ከቤቱ ሽቅብ መሆን አልነበረበትም፤ የሚሰርገው ውሃ ወደ ምድር ቤቱ የኋላ ክፍል ይመጣል። እዚያ ክፍል ጥግ ላይ ያለው ሻጋታ ምንጩ ይህ ነው፣ ቀለም ቢደራረብበት አይጠፋም። የሴፕቲክ ታንኩ መጠን ግን ይበቃል ለማለት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር በቆየው ስሌት ሰውን በ180 ሊትር አባዝቶ 2,000 መጨመር ነው፤ ለ16 ሰው 4,880 ሊትር ይመጣል። የተቆፈረው 4,500 ገደማ ይይዛል። በየዓመቱ ከተመጠጠ ይሠራል፤ ሁለት ዓመት ከተተወ ግን አይሠራም። የውሃ ታንከሩን ጣራ ላይ ሳይሆን መሬት፣ የድንጋይ መደብ ላይ ማስቀመጣቸው የሚመሰገን ነው፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ለአራቱም እኩል የሚደርሰው በየራሳቸው መክፈቻ ነው።

የሚቀረው ጣራው ነው፣ ጣራው ደግሞ የማንም አይደለም፤ ችግሩ እሱ ነው። ከላይ ሲታይ 180 ካሬ ይሆናል። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ 9 ሺህ ሊትር ያወርድበታል፤ አሸንዳው ግን በአንድ ባለ 75 ሚሊ ቱቦ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ያም በቀኙ ማዕዘን። ሁለተኛ ቱቦ በግራ በኩል ካልተጨመረ ውሃው መሐል ላይ ሞልቶ በበረንዳው ጣውላ ይፈሳል፤ ያንን ሁሉ የአናጢ ሥራ የሚያበሰብሰው እሱ ነው። ኪራይ ውሉ ላይ ስለ ጣራ አንድም ቃል የለም። አሸንዳ የሚጠርገው ማን ነው፣ የጓሮውን ቦይ የሚያጸዳው ማን ነው፣ ታንኩን የሚያስመጥጠው ማን ነው፣ የጋራው ደረጃ አምፖል ሲቃጠል የሚገዛው ማን ነው፣ ይጻፍበት። አሁን አሸንዳው ውስጥ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሁለት ጣት ውፍረት አለው፤ ሰኔ ሳይገባ ካልወጣ ፊርማዎን ይያዙ።